ጡረተኞቹ ዛፎች

«የደን ሠራተኛ» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ወይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ወይ መጋዝ የተሸከመ ቆራጭ ነው። በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። መጋዙ ከመድረሱ በፊት ደኑ ውስጥ ብቻውን የሚዞር፣ እያንዳንዱን ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ዐይቶ «አንተ ትቆረጣለህ፣ አንተ ትቀራለህ» የሚል ሰው አለ። በዚያ የመንግሥት ደን ይህን ሥራ የያዘችው አጠር ያለች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ከሰው ጋር ስታወራ እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ ጫፍ ጫፉን የምታይ ሴት ነበረች። አዲስ ሰው ካናገራት ኮፍያዬ ላይ ምን ወጣበት ብሎ እጁን ወደ ራሱ ይሰዳል።

በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «እትዬ መዶሻ» ነው የሚላት። መዶሻው ከእጇ አይለይም፤ በአንድ በኩል እንደ ምሳር የተሳለ ነው፣ በሌላው በኩል የመንግሥት ማኅተም ተቀርጾበታል። የሚቆረጠውን ዛፍ ስትመርጥ በስለቱ ቅርፊቱን ትልጠውና ሁለቴ ትመታዋለች፤ አንዱን በደረቷ ትክክል፣ ሌላውን ጎንበስ ብላ ከመሬቱ አጠገብ። የላይኛው ምልክት ለቆራጩ ነው። የታችኛው ግን ግንዱ ከሄደ በኋላም ጉቶው ላይ ይቀራል፤ በኋላ የመጣ ተቆጣጣሪ ማኅተም የሌለው ጉቶ ካገኘ ሌባ እንደገባ ያውቃል። እንግዲህ በዚያ ደን ውስጥ ከሚታየው ጉቶ ሁሉ ሥር የእሷ እጅ አለበት ማለት ነው።

ሕጉ አጭር ነው፤ ደኑ በዓመት ከሚያድገው በላይ አይቆረጥም። ሲነገር ቀላል ይመስላል። የትኛው በስሏል፣ የትኛው ለዘር ይቅር፣ የትኛው ትልቅ ታናሹን ፀሐይ ከልክሎ አቀጭጮታል የሚለው ግን በሕጉ ላይ አልተጻፈም። እሱ የተጣለው በእሷ ዐይን ላይ ነው። አንጀቷ ስስ ነው የሚላት ካለ አያውቃትም፤ ዛፍ ሲወድቅ አልቅሳ አታውቅም። «የሚለቀሰው ሳያድግ ለተቆረጠ ነው» ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ከቆራጮቹ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም፤ ስለዚህ እህቱም እናቱም እሷው ሆነች። አጥባ አበላችው፣ ሲያጠፋ ገረፈችው፣ ትምህርት ቤት ላከችው፤ ትምህርቱ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ሲወጣ ደግሞ እጁን ይዛ ወደ ደኑ አመጣችው። ቁመቱ እንደ ጥዱ ስለተመዘዘ ቆራጮቹ «ሎጋው» አሉት። ዛፍ መጣል መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቹን ሳይጎዳ የሚተኛበትን ቦታ ቀድሞ ማየት ነው። ሎጋው የጣለው ዛፍ ሥር የበቀለ ችግኝ እንኳ ከእንቅልፉ አይነቃም ይባልለት ነበር። ሚስት አላገባም። ሲጠይቁት «መጋዜ ቀናተኛ ናት» ይላል።

ጠዋት ጠዋት በሠራተኛው መኪና ላይ የእህትና የወንድም ክርክር ለሌላው መዝናኛ ነበር።

«እትዬ፣ ትናንት የሰጠሽኝ ምን ዓይነት ጠማማ ነው? ወዴት እንደሚወድቅ እሱ ራሱ አያውቅም እኮ።»

«ቀጥ ያለውንማ ማንም ይጥለዋል። አንተን በከንቱ ነው እንዴ ያሳደግሁህ?»

«አሳደግሽኝ ወይስ ጎተትሽኝ? እስቲ ቁመቴን እዩልኝ።»

በዚህ መካከል ለደኑ ጽሕፈት ቤት አዲስ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ፣ ትልቅ ትንሹን አክባሪ። አንድ ቀን ሠራተኞቹን ጋራዡ ውስጥ ሰብስቦ አዲስ መመሪያ አስረዳ። እስከዚያ ድረስ የደረቀ ዛፍ እንደ ቆሻሻ ቀድሞ የሚወገድ ነበር። ከእንግዲህ ግን ደኑ በተከፈለበት በየብሎኩ የተወሰኑ ደረቆች ቆመው እንዲቀሩ ተወሰነ። ግንደ ቆርቁር የሚፈለፍለው ደረቁን ነው፤ እሱ የለቀቀውን ጉድጓድ ጉጉት ትገባበታለች፤ ጉጉቷ ደግሞ የችግኝ ሥር የሚግጠውን አይጥ ትለቅማለች። በመጨረሻም ግንዱ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ያው አፈር ነው የሚቀጥለውን ዛፍ የሚያሳድገው። ኃላፊው ይህን ሁሉ በቀስታ ተናገረና ጥያቄ ካለ ብሎ ቆመ።

ከቆራጮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሰውዬ እጁን አወጣ። አፉ ለአፍታ ስለማያርፍ ሰው በምፀት «ዝምታው» ብሎ ሰይሞታል።

«እንዲያው ለመረዳት ያህል ነው» አለ ዝምታው። «መንግሥት ለሞተ ዛፍ ጡረታ ሊያወጣ ነው ማለት ነው?»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ፤ ኃላፊውም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመው የሚቀሩት ደረቆች «ጡረተኞቹ» ተባሉ።

መመሪያውን ከልቧ የወደደችው እትዬ መዶሻ ብቻ ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ቅርፊቱ ያለቀ ግራጫ ግንድ ታውቃለች፤ ባለፈች ቁጥር ከጉድጓዱ ውስጥ የጉጉት ፊት ብቅ ይላል። ጉጉቷ መልስ ባትሰጣትም ሰላም ሳትላት አታልፍም ነበር። አሁን መንግሥት ራሱ ይቁም ሲል ደስ አላት። ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዛ ዞረች፤ የሚቀሩትን ደረቆች ወገባቸው ላይ በነጭ ቀለበት አሰረቻቸው። ቆራጮቹ አጉረመረሙ። ከደረቅ ዛፍ ሥር መሥራት ዐይን ጨፍኖ መንገድ እንደ መሻገር ነው አሉ። ሎጋው እንኳ «እትዬ፣ ሽማግሌዎችሽ ራስ ራሳችንን እንዳይሉን ምከሪያቸው» ብሏት ነበር፤ እሷም ስቃ አለፈችው።

ነፋስ የሌለበት ጥርት ያለ ጠዋት ነበር። ከአንድ ጡረተኛ አጠገብ አንድ የበሰለ፣ ቀጥ ያለ ጥድ ቆሟል፤ እሷ በዚያው ሳምንት ለደረቁ ቀለበት አሰረችለት፣ ጥዱ ላይ ደግሞ ላይና ታች ማኅተም መታችበት። ሎጋው መጣ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ የሚያስተኛበትን መረጠ፣ ቆረጠ። ጥዱም የተባለበት ቦታ ላይ ሄዶ ተጋደመ። ሲወድቅ ግን አንድ ቅርንጫፉ የደረቁን ጫፍ ዳበስ አድርጎት ነበር። እርጥብ እንጨት ሲሰበር ያቃስታል፣ ጊዜ ይሰጣል። ደረቅ ግን ዝም ብሎ ነው የሚለቀው። የጡረተኛው ጫፍ ተገምሶ በሎጋው ዳሌ ላይ ወረደ።

እሷ በሚቀጥለው ብሎክ ውስጥ ነበረች። የወንድሟን መጋዝ ድምፅ ከሌላው ለይታ ታውቀዋለች፤ ከወደቀ ዛፍ በኋላ ምን ያህል እንደሚያርፍና መቼ እንደሚነሣም ታውቃለች። ያን ቀን ዐረፈና አልተነሣም። መዶሻዋን ጥላ ሮጠች። ስትደርስ ቆራጮቹ ከበውታል። ዝምታው መሬት ላይ ተቀምጦ የሎጋውን ራስ ጭኑ ላይ ይዞ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ሆኖ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉ። እግሩንም አተረፉ፣ አተረፉ ከተባለ። ዳሌው ግን እንደ ነበረው አይሆንም አሉ፤ ክራንች መያዙ እንደማይቀር፣ ሞተር መጋዝ ግን ከእንግዲህ እንደማይታሰብ ነገሯት። ለእሱ የነገረችው እሷ ናት። «መጋዜ መበለት ሆነች በይኛ» አለና ዐይኑን ጨፈነ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አጣሪዎች መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አዲስ የራስ ቁር ደፍተው፣ ሜትር ዘርግተው፣ ዛፍ ለዛፍ ሲለኩ ዋሉ። ቆራጮቹን ጠየቁ፣ እሷንም ጠየቋት። ውጤቱ ሲደርስ ኃላፊው ራሱ ምሥራች ይዞ እቤቷ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ምንም ጥፋት አልተገኘብዎትም» አላት። «ጥዱ የበሰለ ነበር፣ መመረጡ ትክክል ነው። ደረቁም በመመሪያው መሠረት ነው የቀረው፣ ትክክል ነው። የወንድምዎ አቆራረጥም ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ነው።»

«ታዲያ ወንድሜን የሰበረው ምንድን ነው?» አለች።

ኃላፊው የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ሄደ።

ጥፋት ቢያገኙባት ይሻላት ነበር። ጥፋተኛ ይቀጣል፣ ይጸጸታል፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። እሷ ግን የሚቀጣት አጣች። የሆነውን ታውቀዋለች፤ ጥዱን ለብቻው አየችው፣ ትክክል ነበር። ደረቁን ለብቻው አየችው፣ እሱም ትክክል ነበር። ሁለቱን በአንድ ላይ፣ በመካከላቸው ከሚቆመው ሰው ጋር አላየችም። ያ ሰው ደግሞ ወንድሟ ነበር።

ሎጋው ከሆስፒታል ሲወጣ እሷ ቤት ገባ። የሠራተኞቹ መኖሪያ ውስጥ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ የፊተኛውን ክፍል ለቀቀችለት፤ መንገዱን እንዲያይ አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረገችለት። አፉ እንደ ድሮው ነው። ትራሱ ጠነከረ ይላል፤ ስትለውጥለት ሟሸሸ ይላል። «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ እቃ ያጠብሽበት ውሃ?» ይላል፣ ግን ሳህኑን ሞልጮ ይመልሳል። አንድ ቀን «እንግዲህ እኔም ጡረተኛሽ ሆንኩ፤ ነጭ ቀለበት እሰሪልኝ» ብሎ ቀለደ። እሷ ጓሮ ወጥታ የታጠበ ድስት ደግማ ስታጥብ ቆየች።

ስለዚያ ጠዋት ግን ትንፍሽ አይልም። ስትጠጋው ስለ ጎረቤት ዶሮ ያነሣባታል፤ ወሬውን ልታመጣው ስትል እንቅልፌ መጣ ይላል። እሷ ደግሞ የምትፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም። «አንቺ ነሽ የሰበርሽኝ» ቢላት አልቅሳ ይወጣላት ነበር። «አንቺ አይደለሽም» ቢላት ትተኛ ነበር። ሁለቱንም አላለም፣ እሷም መጠየቅ ፈራች። አንድ ጣራ ሥር ሆነው፣ እየተጎራረሱ እየቀለዱ፣ ያችን አንዲት ነገር ሆድ ይፍጀው ብለው ከረሙ።

በሥራዋ ላይ ግን ነገሩ መውጫ አገኘ። መመሪያው አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ «ለሠራተኛ ሕይወት የሚያሰጋ ደረቅ ዛፍ ይወገዳል» ይላል። እትዬ መዶሻም የማያሰጋ ደረቅ ዛፍ ጠፋባት። ትንሽ ያዘነበለ ያሰጋል። ቀጥ ብሎ የቆመም ነገ ሊያዘነብል ስለሚችል ያሰጋል። መንገድ ዳር ያለው ያሰጋል፤ ሰው ረግጦት የማያውቅ ገደል ላይ ያለውም ማን ያውቃል፣ ያሰጋል። ራሷ ያሰረችውን ነጭ ቀለበት ራሷ በስለቱ እየላጠች ማኅተሟን መታችበት። በምትመታበት ጊዜ እንደ ድሮው ሁለቴ አትመታም፤ ሦስቴም አራቴም እያደረገችው ቅርፊቱን ታደቀዋለች።

ቆራጮቹ ደስ አላቸው። ፊት ለፊት «እግዜር ይስጥሽ» ይሏታል። ኃላፊው ግን አየ። ደኑ እንደ ተጠረገ ግቢ ሲራቆት፣ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው የግንደ ቆርቁር ኳኳታ ሲሳሳ አየ፤ አየና እንዴት ብዬ ልናገራት ብሎ ተወው። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የታወቀ ነው። ደንም ሲያፈርስ ያን ጊዜ ታየ። እሷም ብትሆን የደኑን ጸጥታ ሳትሰማው አልቀረችም፤ ስትሰማው ግን ርምጃዋን ታፈጥናለች።

በአንድ የዕረፍት ቀን ዝምታው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ሎጋውን ሊጠይቅ መጣ። እሷ ገበያ ሄዳ ነበር። ዝምታው ያመጣውን ብርቱካን ራሱ እየላጠ እየበላ የመንደሩን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አወረደለት፤ በመጨረሻም ደኑ ላይ ደረሰ።

«እህትህ ግን ሰው ናት» አለ። «አንተ ከተጎዳህ ወዲህ ጡረተኞቹን በሙሉ አሰናበተቻቸው። አሁን ቀና ሳንል ነው የምንሠራው።»

«በሙሉ?» አለ ሎጋው።

«በሙሉ ማለት ይቻላል። ቁልቁለቱ ላይ ያለው የጉጉቷ ቀርቷል፤ የነገው ሥራ እሱ ጋ ነው መሰለኝ። ደግ አደረገች። ስላንተ ስትል ነው እኮ።»

ሎጋው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዝምታው ዝም ያለ ሰው አይመቸውምና ብርቱካኑን ጨርሶ ተነሣ። ሎጋው የብርቱካኑን ልጣጭ ሰብስቦ ፌስታሉ ውስጥ ከተተ፤ እህቱ ከገበያ ስትመለስ ገና በር ላይ ሳለች «ነገ ይዘሽኝ ሂጂ» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ ሥራ ነዋ።»

«በዚህ ክራንች?»

«መኪናው ላይ የሚሰቅለኝ ሰው አላጣም። ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ዛፎቹ የትም አይሄዱብኝም።»

ልትከራከረው ፈለገች፤ ፊቱን አየችና ተወችው።

በማግሥቱ ቆራጮቹ እንደ ሙሽራ አንሥተው መኪናው ላይ ሰቀሉት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አወረዷቸውና ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። ግንድ የሚጎተትበትን መንገድ ይዘው ወረዱ። ክራንቹ አፈሩ ውስጥ እየሰመጠ ያስቸግረዋል፤ ክንዱን ልትይዘው ስትሞክር በክርኑ ይገፋታል። ላብ በላብ ሆኖ ነው የጉጉቷ ዛፍ ጋ የደረሰው። ዛፉ እንደ ድሮው ግራጫ፣ እንደ ድሮው ራቁቱን ቆሟል። ዙሪያውን የበሰሉ ጥዶች ከበውታል፤ አንዳንዱ የማንንም ዛፍ መራጭ እጅ የሚያሳክክ ነበር።

መዶሻዋን ከወገቧ መዘዘች።

«ይሄ ምን አደረገ?» አለ ሎጋው።

«ያሰጋል።»

«ማንን?»

«ያንን የሚቆርጠውን ሰው ነዋ» አለች፣ አጠገቡ ወዳለው ጥድ እየጠቆመች። «ዛሬ ሁለቱንም ልመታ ነው የመጣሁት።»

«ያንን ማን መረጠው?»

«ማን ይመርጠዋል። እኔ።»

«ተዪዋ።» ክራንቹን አንሥቶ ከደረቁ ዛፍ ጫፍ ጀምሮ በአየር ላይ መስመር አሰመረ፤ ዛፉ ቢወድቅ እስከሚደርስበት፣ ከዚያም ትንሽ አለፍ አድርጎ። ከዚያ ክራንቹን በዛፉ ዙሪያ እያዞረ በአየር ላይ ክብ ሠራ። «ከዚህ ውስጥ አንዱንም አትንኪ። ደረቁም ይቁም፣ በዙሪያው ያሉት እርጥቦችም ይቁሙ። የሚቆረጥ ከሌለ መጋዝ አይመጣም፤ መጋዝ ካልመጣ ሰው አይመጣም። ከዚያ ይውደቅ እንደ ፈለገ። ማን ላይ ይወድቃል?»

«ዕቅዱስ? በየደረቁ ዙሪያ ይህን ሁሉ ጥድ ብተው የዓመቱ ቆረጣ ይጎድላል።»

«ይጉደል። ዕቅድ ዳሌ የለው፣ አይሰበርም።»

እሷ ክቡን ተከትላ አየች። ጥዶቹን አየች፣ ደረቁን አየች፣ በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። መዶሻዋን ይዛ ሥሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ስላንተ ብዬ ነበር እኮ ሁሉንም ያስቆረጥኳቸው» አለች።

«ስለኔ አይደለም። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ምን ዛፍ ይወድቅብኛል? አንቺ እኔን መጠየቅ ፈራሽ፣ እነሱን ቀጣሽ።»

እውነቱን ነው። ቀና ብላ ሳታየው፣ እጇ ላይ ያለውን መዶሻ እያየች ጠየቀችው።

«እሺ ልጠይቅህ። ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለህ?»

ሎጋው ጀርባውን ለደረቁ ዛፍ ሰጥቶ ክራንቹን ጎኑ አስደገፈ።

«አዎ» አለ።

ይህን ቃል ያን ያህል ጊዜ ስትጠብቀው የነበረች ሴት፣ ሲመጣ መዶሻዋን መሬት ላይ አኖረች።

«ሆስፒታል ሾርባ ይዘሽ ስትገቢ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው ተኝቼ አልነበረም» አለ። «እትዬ ጥዱን አየች፣ ደረቁን አየች፣ እኔን አላየችኝም፤ እያልኩ ነበር። እናቴ ብትሆን ኖሮ ታየኝ ነበር አልኩ። እናቴን እኮ አላስታውሳትም። እንዲያው አልኩ።»

እትዬ መዶሻ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ዕድሜዋን ሳታፍር አለቀሰች። አላባበላትም፤ ቆሞ ጠበቃት። ሲበቃት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «አሁንስ?» አለችው።

ሎጋው ክራንቹን ብብቱ ሥር መለሰ።

«አንዳንድ ቀን» አለ። «ዝናብ ሲመጣ አጥንቴ ይነቃል። ያን ጊዜ አንቺን ሳይ ደስ አይለኝም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። እንዲያ ያለ ቀን ምግቤን አስቀምጪልኝና አታናግሪኝ፣ ሂጂ። ሲያልፍልኝ ራሴ እጠራሻለሁ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ ተነሣች። ክቡን በእግሯ ዞረችው። መዶሻዋን ወገቧ ላይ መልሳ ሰካች፣ ዙሪያውን ያሉትን ጥዶች አንድ በአንድ በእጇ ዳበሰቻቸውና ሳትመታቸው አለፈች። ያ ቅድም የጠቆመችው፣ እጅ የሚያሳክከው ጥድ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ እሱንም አለፈችው። ጉጉቷ ያን ቀን ፊቷን አላሳየችም። እናንተው ተጨቃጨቁ ብላ ይሆናል።

ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የሚጎድለውን ግንድ ሲያሰላ ግን ጨለመ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ተከራከረ፣ ተቆጡት፣ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ የዓመቱ ቆረጣ ተቀነሰለት፤ በየጡረተኛው ዙሪያ መጋዝ የማይገባበት ክብ ይከለል ተባለ። ዝምታው ይህን የሰማ ቀን ጋራዡ መሀል ቆሞ «ድሮ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነድ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ በደረቅ ምክንያት እርጥብ ይድናል፤ ዓለም ተገለባበጠች» ብሎ ዐወጀ። የተቆረጡት ደረቆች ግን አልተመለሱም። አንድ ዛፍ ጡረተኛ ለመሆን መጀመሪያ መኖር፣ መሸምገል፣ መሞት አለበት፤ ያን ሁሉ ለማየት እትዬ መዶሻ ዕድሜ እንደማይበቃት ታውቃለች። በእነዚያ ብሎኮች ስታልፍ አሁን ርምጃዋን አታፈጥንም። ባዶውን ቦታ እያየች ታልፋለች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቁሮ ዋለና ከሥራ ስትመለስ ዝናቡ ጣራውን ይደበድበው ነበር። ሎጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጥርሱን ነክሶ እንደሆነ ከጀርባው ታወቃት። ካፖርቷን ሳታወልቅ እሳት አቀጣጠለች፣ ድንቹን ቀቀለች፣ ሾርባውን አሞቀች። ሳህኑን አልጋው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ አኖረችለት። አላናገረችውም። በእግሯ ጣት እየረገጠች ወደ በሩ ሄደች፤ እጇ እጀታው ላይ ደረሰ።

«እትዬ» አለ ሎጋው፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

ቆመች።

«ይሄ ሾርባ ጨው የለውም።»

ገና አልቀመሰውም ነበር። ጨው ልታመጣለት ወደ ጓዳ ተመለሰች።